ለቅርጫት ኳስ ልጅ ሲመረጥ ሜትር ብቻ አይበቃም፤ ወኔ ብቻም አይበቃም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በስፖርት ገጾች ላይ ስለ አሜሪካ የቅርጫት ኳስ ታላላቆች በተጻፈ ቁጥር አንድ ሐሳብ ተደጋግሞ ይነበባል፤ ማይክል ጆርዳንን ለዚያ ያበቃው እልሁ ነው፣ መሸነፍን መጥላቱ ነው የሚል። እዚህ ጎንደር ደግሞ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር የሚቆመው ተመልካች «ቁመትና ዝላይ ካለው አለው፤ ከሌለው የለውም» ብሎ ይዘጋዋል። ክርክሩ የሻይ ቤት ወግ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍን ነበር። ነገር ግን ታዳጊዎች ለፕሮጀክት ሥልጠና ሲመለመሉ ውሳኔው የሚሰጠው በዚሁ ነው። አንዱ አሰልጣኝ ረጃጅሞቹን ለይቶ ሌላውን ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ ሌላው በጣም የሚጮኸውንና የሚጋፋውን «ወኔ አለው» ብሎ ያስቀራል። ሁለቱም መጥፎ ምርጫ ነው፤ ለምን መጥፎ እንደሆነና በምን ሊተካ እንደሚችል እናስረዳለን።

ከጆርዳን እንጀምር፤ ሁሉም የሚጠቅሰው እሱን ነውና። «ከትምህርት ቤት ቡድን ተባረረ፣ በእልህ ተነሥቶ ዓለምን አሸነፈ» የሚለው ወሬ ተጋንኗል። እ.ኤ.አ. በ1978 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዊልሚንግተን ከተማ በሌኒ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ የተመደበው በዋናው ቡድን ሳይሆን በታችኛው ቡድን ነው። ዋናው ቡድን ቁመት አጥሮት ስለነበር ከእኩዮቹ መካከል ያለፈው ሁለት ሜትር የሚደርሰው ሊሮይ ስሚዝ ሆነ። ጆርዳን በታችኛው ቡድን እየተሰለፈ ተጫወተ፤ ተቀምጦ አላየም። በኋላ ቁመቱ 198 ሴንቲ ሜትር ደረሰ፤ ዝላዩንና የእጁን ስፋት ደግሞ ቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ «ተሰጥኦ ሳይኖረው በእልህ ብቻ» የሚለው ምሳሌ በእሱ አይሠራም።

እልሁ ምንም አልነበረም ማለታችን ግን አይደለም። ዲትሮይት ፒስተንስ በ1988፣ በ1989 እና በ1990 በተከታታይ የጆርዳንን ቡድን ቺካጎ ቡልስን ከጥሎ ማለፍ አስወጥቷል። ተራ እልኸኛ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ይናደድ፣ ኳስ ይበልጥ ይይዝ፣ ብቻውን ይበልጥ ይወረውር ነበር። ጆርዳን ግን ግፊያውን የሚችል ሰውነት ለመሥራት ክብደት ማንሣት ጀመረ፤ አሰልጣኙ ፊል ጃክሰን ኳሱ ለሁሉም እንዲዳረስ ያመጣውን የማጥቃት ስልትም እያንገራገረም ቢሆን ተቀበለ። በ1991 ቡልስ ያንኑ ፒስተንስ 4 ለ 0 አሸንፎ ወደ ፍጻሜ አለፈ፤ የመጀመሪያውን ዋንጫም አነሣ። ፈረሱም ያው ሜዳውም ያው ነበር፤ የተለወጠው ሰውየው ከሽንፈቱ በኋላ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ነው። ልጅ ስንመርጥ መፈለግ ያለብን ይህንን ነው፤ ፊት መቋጠርና ኳስ መሬት ላይ መፍጨት ሌላ ነገር ነው።

የቴሌቪዥን ተንታኞች «ከላይ ደረጃ ሲደረስ ልዩነቱ ጭንቅላት ነው» ይላሉ፤ ትክክል ናቸው፤ ግን ስለ ላይኛው ደረጃ ብቻ ነው የሚያወሩት። በወንፊት ያለፈ ዱቄት ሁሉ ልም ነው፤ ከዚያ በኋላ በልመት አይበላለጥም። አሜሪካ ሊግ የደረሰ ተጫዋች ሁሉ በቁመት፣ በፍጥነት፣ በእጅ ርዝመት አስቀድሞ ተነፍቶ ያለፈ ስለሆነ ለመበላለጥ የሚቀረው ልብና ሥራ ይመስላል። የእኛው አገር ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ10 ሺህ ሜትር የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። የመጨረሻዋን እርምጃ ወኔ ወሰናት ቢባል ማንም አይከራከርም። ግን ሁለቱም እዚያች እርምጃ ላይ እኩል የደረሱት በዓለም ጥቂት ሰው ብቻ ያለው ሳንባና እግር ስላላቸው ነው። የ13 ዓመት ልጅ ምልመላ ላይ ወንፊቱ ገና አልተነፋም፤ ስለዚህ «ወኔ ይበቃል» ብሎ መጀመር ልጁን ማታለል ይሆናል።

ተፈጥሮ የምንለውንም ዝላይና ቁመት ብቻ አድርገን አጥብበነዋል። ላሪ በርድ ቁመቱ 206 ሴንቲ ሜትር ይሁን እንጂ ሩጫው ዝግተኛ፣ ዝላዩም ዝቅተኛ ነበር፤ ሆኖም ከ1984 እስከ 1986 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች በ2014 ሲመለመል 41ኛ ነው የተጠራው። እሱም ከመሬት እምብዛም አይነሣም፤ በ2021፣ በ2022 እና በ2024 ግን ምርጥ ተጫዋች ሆኗል። ሰዎች እነዚህን ሁለቱን እያነሡ «አያችሁ፣ ተፈጥሮ አያስፈልግም» ይላሉ። የኳሱን መድረሻ ከሌላው ቀድሞ የሚያይ ዓይን፣ ሳያዩ የሚያቀብል እጅ፣ ጊዜን የሚለካ ጭንቅላትስ ከየት መጣ? እሱም በከፊል ስጦታ ነው፤ በሜትር ስለማይለካ ብቻ ከቁጥር አልገባም። የእጅ ርዝመትም እንደዚሁ ተዘንግቷል። ካዋይ ሌናርድ ቁመቱ 201 ሆኖ ሁለት እጁን ሲዘረጋ 221 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በመከላከል የሚፈራው በከንቱ አይደለም። ቅርጫቱ ያለው በ3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ የሚቆጠረው የጣት ጫፍ ስለሆነ የራስ ቅል ቁመት ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

ስለዚህ መለካቱ ይቅር አንልም፤ በትክክል ይለካ እንላለን። ቁመት ያለ ጫማ፣ ተረከዝና ትከሻ ግድግዳ አስነክቶ ነው። ሰው ጠዋት ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም ሁሉንም በአንድ ሰዓት መለካት ያስፈልጋል። የእጅ ርዝመት ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ ከመሃል ጣት ጫፍ እስከ መሃል ጣት ጫፍ ነው። ከዚያ የቆመበት መድረሻ ይወሰዳል፤ ጣቱን ጠመኔ ቀብቶ፣ ሁለት ተረከዙን መሬት አስነክቶ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ግድግዳው ላይ ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎ ካለበት ሳይንደረደር ዘሎ ሁለተኛ ምልክት ያደርጋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ዝላዩ ነው። ሦስት ጊዜ ይሞከራል፤ ትልቁ ይመዘገባል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመጀመሪያው ምልክት ላይ ነው። ብልጥ ልጅ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ይነካና ዝላዩን በ5 ወይም በ6 ሴንቲ ሜትር ያሳድጋል። መዝጋቢው ትከሻው ጆሮውን እስኪነካ እንዲዘረጋ ማስገደድ አለበት።

ለዓይንና ለእጅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አሰልጣኙ አንድ የቴኒስ ኳስ በትከሻው ከፍታ ይይዛል፤ ልጁ ሦስት ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ኳሱ ሲለቀቅ ሁለተኛ ጊዜ ሳይነጥር መያዝ አለበት። ከያዘ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ እየሸሸ ይቀጥላል። ለማየት ችሎታ ደግሞ ሦስት ለሦስት፣ ድሪብል (ኳስ እያነጠሩ መሄድ) የተከለከለበት ጨዋታ 5 ደቂቃ ማጫወት ይበቃል። ድሪብል ሲከለከል ሯጩም ዘላዩም መደበቂያ ያጣል፤ ነጻ የቆመውን ጓደኛ ማን እንደሚያየው ወዲያው ይታያል። በዚህ ጨዋታ አጫጭሮቹ ብዙ ጊዜ ይደምቃሉ። መግሲ ቦግስ 160 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በሊጉ 14 የውድድር ዘመን የቆየ ሰው መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ይህ በተስፋ የሚሞላ ምሳሌ እንጂ ሕግ እንዳልሆነም እናውቃለን።

አሁን ወደ ተፎካካሪነት። ዊልት ቻምበርሌይንን የሚያህል አካል በዚህ ስፖርት ታሪክ ጥቂት ነው። ቁመቱ 216 ሴንቲ ሜትር፣ ሯጭ፣ ከፍታ ዘላይ። መጋቢት 2 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ አስቆጠረ። ከዚህ ውስጥ 28ቱ በቅጣት ውርወራ የመጡ ናቸው፤ ሙከራው 32 ነበር። ይህ እጅግ የሚገርም ነው፤ ምክንያቱም በመላው የሊግ ዘመኑ ያስገባው የቅጣት ውርወራ ግማሹን ብቻ፣ 51 በመቶ ያህል ነው። በዚያ የውድድር ዘመን የተለየ ምን ነበር ከተባለ፣ ኳሱን በሁለት እጁ ከጉልበቱ መካከል ከታች ወደ ላይ እያነሣ ይወረውር ነበር። ይህ አወራወር ትከሻንና ክርንን ያሳርፋል፤ ሁለቱ እጆች እኩል ስለሚሠሩ ኳሱ ወደ ጎን አይስትም፤ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ለስላሳ ሆኖ ስለሚወርድም ብረቱን ቢነካ እንኳ የመግባት ዕድል አለው። ሌላው የሊጉ ተጫዋች ሪክ ባሪ በዚሁ ዘዴ ወደ 90 በመቶ ያስገባ ነበር። ቻምበርሌይን ግን ተወው። ምክንያቱን በኋላ ራሱ ተናግሮታል፤ ሰው የሚስቅበት መስሎት አፍሮ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቻምበርሌይን መሸነፍ አይወድም ነበር፤ ማንም ተጫዋች አይወድም። ነገር ግን ከማሸነፍና ከመልክ አንዱን መምረጥ ሲመጣ መልክን መረጠ። የእድሜ ልክ ባላንጣው ቢል ራስል በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ አነሣ። ራስልም የተፈጥሮ ድሃ አልነበረም፤ በኮሌጅ ዘመኑ ከፍታ ዝላይ 2 ሜትር ከ6 ሴንቲ ሜትር ዘሏል። በቅጣት ውርወራም ቢሆን ከቻምበርሌይን እምብዛም አይሻልም፤ 56 በመቶ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሌሎች ብሎክ ሲያደርጉ (የባላጋራን ውርወራ በአየር ላይ ሲያግዱ) ኳሱን ለጭብጨባ ወደ ተመልካች ይልኩታል፤ ኳሱም ተመልሶ ለባላጋራ ይሰጣል። ራስል ግን በጣቱ ገታ አድርጎ ሜዳ ውስጥ ለራሱ ጓደኛ ያወርደው ነበር። ለታዳጊ ይህን ማስተማር ቀላል ነው። መዳፍ ክፍት፣ አንጓ ጠበቅ፣ እጁ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ወደ ፊት አይማታም። ወደ ፊት የሚማታ እጅ ፋውል ያመጣል።

ዴኒስ ሮድማንም እንደዚሁ ነው። በ201 ሴንቲ ሜትር ቁመት ከ1992 እስከ 1998 ሰባት ዓመት በተከታታይ የሊጉን የሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ የመያዝ) ሰንጠረዥ መርቷል፤ ከእሱ የሚረዝሙ ሞልተው ሳለ። ጓደኞቹ ሲያሟሙቁ ቆሞ የእያንዳንዱን ኳስ ሽክርክሪት፣ ስቶ የት እንደሚወድቅ ያጠና ነበር። ከጎን የተወረወረ ኳስ ሲስት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማዶው ጎን ይወድቃል፤ ከሩቅ የተወረወረ ደግሞ ርቆ ይነጥራል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ሌላው ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ እሱ ቦታውን ይዟል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ጠባይ በ13 ዓመት ልጅ ላይ እንዴት ያዩታል? አንድ ቀን ጠዋት በሚደረግ ምልመላ አይታይም። ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል፤ በእነዚህ ሳምንታት ማንም አይሰናበትም። በጨዋታ ላይ የሚቆጠሩት ጥቂት ነገሮች ናቸው። ኳስ ከተነጠቀ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች ወደ ኋላ ለመከላከል ነው ወይስ እጅ ዘርግቶ ዳኛ ለማየት? መሬት የወደቀ ኳስ ላይ ማን ቀድሞ ይጎነበሳል? ኳሱ ወደ እሱ ባይመጣ እንኳ ባላጋራውን በጀርባው ይዘጋል? መዝጋቢው በአንድ ጊዜ ከሦስት ልጅ በላይ መያዝ የለበትም፤ አሥሩንም ልመልከት ያለ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያየው ኳሱን ብቻ ነው። ልጆቹም ምን እንደሚቆጠር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባያውቁ ይሻላል፤ ካወቁ ሳያስፈልግ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ነጥብ ይለቅማሉ።

ከሁሉ የበለጠ የምናምነው ፈተና ግን የግራ እጅ ሌይ አፕ (ወደ ቅርጫቱ ተጠግቶ ዘሎ በአንድ እጅ ማስገባት) ነው። በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም በዝግታ ይታያል፤ በቀኝ እግር ተነሥቶ፣ የግራ ጉልበት ወደ ላይ ወጥቶ፣ ኳሱ ቦርዱ ላይ ካለው አራት ማዕዘን የላይኛው ማዕዘን አካባቢ ይነካል። እያንዳንዱ 10 ጊዜ ሞክሮ የገባው ይጻፋል። ስለ ጉዳዩ ዳግም አይነሣም። በስምንተኛው ቀን ሳይነገራቸው እንደገና 10 ይወረውራሉ። ከ2 ወደ 6 የሄደው ልጅ ማንም ሳያየው ሠርቷል ማለት ነው። ከ7 ወደ 7 የቆመው ስጦታ አለው፤ ገና አልራበውም። ሁለቱም ይያዙ፤ ግን ማን ምን እንደሚያስፈልገው አሰልጣኙ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያውቃል። እዚህም ስሕተት ይገባል። ቤቱ ኳስ ያለውና የሌለው እኩል አይፈተኑም። ስለዚህ በሳምንቱ ውስጥ ሜዳውና ኳሶቹ ከልምምድ በፊት ግማሽ ሰዓት ለሁሉም ክፍት ይሁኑ። ትምህርቱ በፈረቃ ስለሆነ ወይም ሱቅ ስለሚጠብቅ ቀድሞ መምጣት የማይችል ልጅም አለ፤ ለእሱ ከልምምድ በኋላ ጊዜ ይሰጠው እንጂ «አልራበውም» ተብሎ አይጻፍበት።

ተፎካካሪነትን ለማሠልጠን ደግሞ ልምምዱ ውስጥ ውጤት መኖር አለበት። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጆርዳንን ያሠለጠነው ዲን ስሚዝ ልምምዱን ሁሉ በቁጥር እየመዘገበ ነበር የሚሠራው። እኛ ዘንድ የሚሆነው አሠራር ይህ ነው፤ 12 ልጅ ካለ አራት የሦስት ቡድን ይወጣል፤ በሁለት ቅርጫት 4 ደቂቃ ይጫወታሉ፤ ያሸነፈ ቡድን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ልጅ በስሙ አንድ ነጥብ ይጻፍለታል። ከዚያ ቡድኖቹ ፈርሰው እንደገና ይደባለቃሉ። ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ዙር በኋላ ሰንጠረዡ ሌላ ዓይነት ስም ያወጣል። ብዙ ያስቆጠረው ሳይሆን የገባበትን ቡድን ሁሉ የሚያሸንፍ ልጅ ከላይ ይቀመጣል። አልፎ አልፎ አንዱን ቡድን 4 ነጥብ አስመርቶ ማስጀመር የተመሪውን ቡድን ጠባይ ያሳያል። ቡድኖቹን ሳይደባልቁ መተው ግን ሁሉንም ከንቱ ያደርገዋል፤ ጠንካራው ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ ደካማው መሸነፍ ይለምዳል።

የቅጣት ውርወራም ቆሞ በዝምታ 50 ከመወርወር ይልቅ በድካም ላይ ይሠራ። አሥር ውርወራ ያረፈ ልጅ፣ ከዚያ የሜዳውን 28 ሜትር አራት ጊዜ ሮጦ ሌላ አሥር። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ከ3 በላይ ከሆነ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ወኔ ሳይሆን እግር ነው። የደከመ ጉልበት አይታጠፍም፣ ኳሱ አጥሮ የቀለበቱን ፊት ይመታል። አሰልጣኙ «አተኩር!» እያለ ሲጮህ ልጁ የሚያስፈልገው ጉልበት አጥፎ መጀመር ነው።

ስድብንም ሳናነሣ አናልፍም። ጆርዳን በ1995 በልምምድ ላይ ጓደኛውን ስቲቭ ከርን በቡጢ መምታቱ ይታወቃል፤ ይህን የሰማ ወጣት አሰልጣኝ ማዋረድና ማስፈራራት የታላቅነት መንገድ ይመስለዋል። ከር ደመወዝ የሚከፈለው ጎልማሳ ነበር። በ13 ዓመት ልጅ ላይ ስድብ የሚያመጣው ውጤት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ልጁ የማይችለውን ነገር መሞከር ያቆማል። በግራ እጁ ሌይ አፕ አይሞክርም፣ ጠባብ ኳስ አያቀብልም። ሩጫንም ቅጣት ማድረግ እንደዚሁ ይጎዳል፤ በሯጮች አገር ልጅ ሩጫን እንዲጠላ ማድረግ ትልቅ ጥበብ አይጠይቅም።

ስለ እድሜ አንድ ነገር እንጨምር። ልጃገረዶች በፍጥነት የሚረዝሙት 12 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶች 13 ወይም 14 ላይ ነው፤ በልጅ በልጁ ግን የሁለት ዓመት ልዩነት የተለመደ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ደግሞ «የ14 ዓመት ግዙፍ» የተባለው 16 ሊሆን ይችላል። ሮድማን ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ረዝሟል፤ በ14 ዓመቱ በቁመት ቢመለመል ማንም አያየውም ነበር። ሐኪም ኦላጁዋንም ሌጎስ ውስጥ በ15 ዓመቱ ገደማ ነው ቅርጫት ኳስ የጀመረው፤ ከዚያ በፊት የእግር ኳስ በረኛና የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ዝነኛው የእግሩ ቅልጥፍናም ከዚያ መጣ። ስለዚህ ከእጅ ኳስና ከመረብ ኳስ ዘግይተው የሚመጡ ልጆች በር አይዘጋባቸው። በመርዘም ላይ ያለ ልጅ ከጉልበት ሎሚው በታች ያለው አጥንት አብጦ ሲያመው «ሰነፈ» መባል የለበትም። በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ዝላይ በዝቶበት ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ዝላዩ ይቀነስለትና የቅጣት ውርወራና ኳስ ማቀበል ይሥራ፤ ሕመሙ ካልለቀቀው ሐኪም ይየው።

ከመፈተኑ በፊት መሣሪያውም ይፈተሽ። ሜዳው ላይ ሲሚንቶ ሲደረብ ወይም ምሰሶው ሲዘም ቅርጫቱ ከ3.05 ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ይላል፤ በሜትር ማረጋገጥ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኳሱ ከ1.80 ሜትር ሲለቀቅ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር ካልነጠረ አየሩ ይስተካከል። ከ12 ዓመት በታች ላሉት 5 ቁጥር፣ ለሴቶች 6 ቁጥር ኳስ ነው። በ7 ቁጥር ኳስ የተፈተነ ትንሽ ልጅ ከትከሻው እየወረወረ መጥፎ ልማድ ይዞ ይቀራል፤ እኛም «ተሰጥኦ የለውም» እንለዋለን።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለን ጥያቄ አንድ ነው። የታዳጊዎችና የትምህርት ቤቶች ውድድር ስትዘግቡ የሚወጣው ውጤትና የከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪው ስም ብቻ ነው። ልጆቹ ጋዜጣውን ያነባሉ፤ የሚጻፈውን ነገር ለማግኘትም ይጫወታሉ። ከነጥብ በተጨማሪ የተሞከረና የገባ የቅጣት ውርወራ፣ ሪባውንድ፣ ለጓደኛ አቀብለውት ነጥብ የሆነ ኳስና ያለ አግባብ የተበላሸ ኳስ በየስሙ ቢወጣ አሰልጣኞችም አዘጋጆችም መመዝገብ ይጀምራሉ። ለዚህ አንድ ደብተር፣ ሁለት መዝጋቢና በቀለም የተሰመረ አምስት ዓምድ ይበቃል። አንዱ የአንዱን ቡድን ብቻ ይይዛል፤ በየሩብ ጨዋታው መጨረሻ ከዳኞች ጠረጴዛ ነጥብ ጋር ይመሳከራል። የሰንጠረዡን ናሙና ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል፤ ቦታ ካላችሁ አትሙት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የታዳጊ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች
ጎንደር